ሴትዮዋ ዝቅ ትበል

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ውድ» ይባላል፤ እኔም ብያለሁ። ውድ መሆንሽን ደግሞ ማንም አይክድም፤ ምን ያህል እንዳስወጣሽን የምናውቀው እኛ ነን። ሰላምታዬ በዚህ አልቋል። ጤናሽን አልጠይቅም፤ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ስለማይሽ ፊትሽ እንዳማረበት አውቃለሁ።

ስልክ የማልደውለው ሰልችቶኝ ነው። ስደውል ወይ ስብሰባ ላይ ነሽ፣ ወይ ጫካ ውስጥ ነሽ፣ ወይ «እታለም፣ መልሼ ልደውልልሽ» ትይና ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሽ ትቀሪያለሽ። ወረቀት ግን መሀል ላይ አይቋረጥም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ እኔ የያዝኩት ብዕር ነውና እንደምንም ታግሠሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ታውቂዋለሽ፤ ግን ሥራሽ ቆርጦ መቀጠል ስለሆነ የቱን ቆርጠሽ እንደጣልሽ ረስተሽው ይሆናል።

«የአገራችንን ተፈጥሮ ከዳር እስከ ዳር የሚያሳይ ተከታታይ ፊልም ልሠራ ነው። ተራራው፣ በረሃው፣ ጫካው፣ አውሬው ሁሉ ይገባበታል። አምስተኛው ክፍል ደግሞ የኛ ረግረግ ነው» ብለሽ የደወልሽ ቀን እማዬ ከሰፈሩ ጫፍ እስከ ጫፍ እየዞረች ስታወራ ዋለች። ዓሣ ለምታጥበዋ፣ መረብ ለሚጠግነው፣ ጀልባ ሊያሠራ ለመጣው ሁሉ ነገረች። «ረግረጋችን በቴሌቪዥን ሊታይ ነው፣ የምታሳየው ደግሞ የኔ ልጅ ናት» ትላለች። ያን ቀን አንድም ሰው የጀልባ እንጨቴን አላስላገኝም፤ ሁሉም የሚመጣው እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል ነበር።

አንቺ ከሠራተኞችሽ አንድ ቀን ቀድመሽ ብቻሽን መጣሽ። እማዬ አንገትሽ ላይ ተጠምጥማ ስታበቃ ሁለታችንንም ወደ ጓዳ ወሰድሽንና በሩን ገጠም አደረግሽው።

«እማዬ፣ ነገ ሰዎቼ ሲመጡ ልጄ ልጄ እንዳትዪኝ። ሥራ ላይ ነኝ፤ ደስ አይለኝም» አልሻት።

«ታዲያ ምን ልበልሽ? አለቃ?» ብላ ሳቀች።

«ምንም አትበዪኝ።»

እሷ እንደ ቀልድ ወሰደችው። እኔ ግን ፊትሽን አይቼ ነበር፤ ቀልድ የሚባል ነገር አልነበረበትም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው ለካ እንዳንቺ ላለው ነው። ለዚያ ረጅም ካሜራ ያዥ ወንበር ስታቀርቢለትና ውሃ ጠማህ ወይ ስትዪው አይቼሻለሁ። እማዬን ግን ያን ሳምንት ሙሉ በልተሻል ወይ ብለሽ አልጠየቅሻትም።

በማግስቱ ሁለት መኪና ሙሉ ሰውና ሣጥን መጣ። ሁላችንንም ሰብስበሽ፣ እጅሽን ወደ ኋላ አጣምረሽ፣ ደንቡን ነገርሽን። «የተከታታዩ ርዕስ ‹ሰው ያልደረሰበት› ነው። ስለዚህ ሰው አይታይም፣ የሰው ሥራ አይታይም፣ የሰው ድምፅ አይሰማም። ለአንድ ሳምንት ብቻ ተባበሩን።»

ጋሽ ነጎድጓድ፣ ያ ሳሉ ከወዲያኛው ዳር ስለሚሰማ ይህን ስም ያወጣንለት መረብ ጠጋኝ ጎረቤታችን፣ እጁን አወጣ። «እኛስ እስከዚያ የት እንድረስ?» አለሽ። ሁሉም ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ።

እኛም ተባበርን። ለመንግሥት እንኳ እንዲያ ተባብረን አናውቅም! ቆርቆሮው ያብረቀርቃል ስትዪ እኔ ከነወገቤ ሕመም ጣራ ላይ ወጥቼ በሸምበቆ ሸፈንኩት። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በገዛ እጁ የጻፈውን «ጀልባ እንጠግናለን» የሚለውን ሰሌዳ ነቅዬ አልጋ ሥር ከተትኩት። ሬንጅ ሲፈላ ጭስ አለው ስላልሽ የበርሜሉን እሳት አጠፋሁ፤ ጀልባዎቹ ሆዳቸው እንደተቀደደ ተገልብጠው ሰነበቱ፣ ባለቤቶቻቸውም አፋቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም። የእማዬ አውራ ዶሮ ያለ ሰዓቱ ጮኸ ተብሎ በሣጥን ተዘግቶ፣ ብርድ ልብስ ተደርቦበት ዋለ። ልብስ አጥቦ የሚያሰጣ አልነበረም። ጋሽ ነጎድጓድ ሳሉ በመጣ ቁጥር ሻርፑን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ዓይኑ እስኪቀላ ይታገል ነበር። ሚስቱ «ለሰው ፊልም ብለህ ልትሞትብኝ ነው?» ስትለው «ዝም በይ፣ ድምፅ እየቀዱ ነው» አላት። እንዲህ ነበር የወደድንሽ።

የሽመላዋን ጎጆ ደግሞ እንነጋገርበት። በየአደባባዩ የተለጠፈው ማስታወቂያሽ ላይ ያለችው፣ ፀሐይ ስትወጣ ጎጆዋ ላይ በአንድ እግሯ የቆመችው። የፊልምሽ አንባቢ በዚያ በወፍራም ድምፁ «ከዘመናት በፊት በደረቀ ብቸኛ ዛፍ አናት ላይ» ይላል። የቱ ዛፍ ነው እሱ? ሽመላዎቹ ጭስ ማውጫችን ላይ ጎጆ እየሠሩ ጭሱ ወደ ቤት ሲመለስብን አባዬ አሮጌ የጀልባ ምሰሶ ጣራው ላይ አቁሞ፣ ጫፉ ላይ የጋሪ ጎማ ቸነከረበት። እነሱም ወደዚያ ወጡለት። መሰላሉን የያዝነው እኔና አንቺ ነን። «አባዬ ሊወድቅ ነው» እያልሽ ስታለቅሺ ንፍጥሽን የጠረግሁልሽ እኔ ነኝ። ካሜራሽ ከጎማው በታች አንድ ክንድ ዝቅ ቢል የአባዬ ጣራ ይታይ ነበር፤ ሁለት ክንድ ቢወርድ ደግሞ እኔ መዶሻዬን ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። አንቺ ግን የት ላይ ማቆም እንዳለብሽ አሳምረሽ ታውቂ ነበር።

ከዚያ ሽመላዋ አልወርድም አለች። ጠዋት ጠዋት ወደ ውሃው ዳር የምትወርደው እማዬ የዓሣ አንጀትና ትንንሽ ዓሣ በባልዲ ይዛ ስትወጣ ብቻ ነው፤ ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከነካሜራችሁ ስትጠብቋት ከላይ ሆና እናንተን ስታይ ዋለች። ያን ብልሃት ያመጣሽው ታዲያ አንቺ ነሽ። እማዬ በተገለበጠው ጀልባ ሥር ትገባለች፣ ሸራ ይደረብባታል፣ በሸራው ሥር እጇን ብቻ አውጥታ ዓሣ ትወረውራለች።

«እኔ ልግባ፣ እሷ ጉልበቷን ያማታል» አልኩሽ።

«ወፏ አንቺን አታውቅሽም» አልሽ። እውነት ነው፤ ከእጄ መዶሻ እንጂ ዓሣ አይታ አታውቅም።

እናታችን በጭቃ ላይ በሆዷ ተኛች። ባልዲው በጎኗ፣ ሸራው በላይዋ። ጠዋት ገብታ ፀሐዩ አናት ላይ እስኪደርስ እዚያው ነበረች። ከውስጥ ሆና «አሁን ልወርውር?» ስትል ድምፅ የሚቀዳው ሰውዬ እጁን ያወራጫል፣ እሷም በሹክሹክታ «ይቅርታ» ትላለች፣ ይቅርታዋም ይቀዳል። ሽመላዋ መጣች። ዓሣውን አነሣች። ያ ነው አሁን ዓለም የሚያጨበጭብለት።

አንድ ጊዜ ግን እግሯ ደንዝዟት መሰለኝ ሸራውን ገልጣ ቀና አለች። ሻሿ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ዓሣው በእጇ እንዳለ፣ እየሳቀች፣ በቀጥታ ወደ ካሜራው ዞራ። ሽመላዋም አልደነገጠች፤ ተራምዳ መጥታ ከእጇ ላይ ወስዳ በላች። በዚያ ረግረግ ዕድሜዬን ስኖር እንዲያ የሚያምር ነገር አላየሁም። ካሜራ ያዡም ሳይወድደው አልቀረም፤ «ኧረ ይሄ ግሩም ነው!» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንቺ ነሽ «ሴትዮዋ ዝቅ ትበል!» ብለሽ የጮህሽው።

ሴትዮዋ ያልሻት የወለደችሽን ነው። ወዲያው ዝቅ አለች፤ ሸራውን ራሷ በላይዋ ላይ ሳበችው። ከሰዓት በኋላ ያ ድምፅ ቀጂ ወደ እኔ መጥቶ «ያቺ ሴትዮ ዘመድሽ ናት? በጣም ታዛዥ ናት» አለኝ። «እናቴ ናት» አልኩት። አንቺን ከኛ ጋር ማገናኘት በሐሳቡም አልመጣም። ልነግረው አፌን ስከፍት እማዬ ከወዲያ ማዶ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ እኔም ዋጥ አደረግሁት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ አንድ ሆድ እኔንና አንቺን እንዴት እንደቻለን ግን እስካሁን ይገርመኛል።

ክፍሉ በተላለፈበት ምሽት ቤታችን ሰው መቆሚያ አልነበረውም። እማዬ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። ስምሽ ሲወጣ እልል አለች። ውሃው ታየ፣ ሸምበቆው ታየ፣ እኛ የምናውቀው ጭጋግ ታየ። አንባቢው «እዚህ የሰው እግር ረግጦ አያውቅም» ሲል ጋሽ ነጎድጓድ «እኛማ በእጃችን ነው የምንሄደው» አለና ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሽመላዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ዓሣውን ስታነሣ አንባቢው «የሺህ ዓመት ትዕግሥት» አለ። እማዬ ጭኗን መታ አድርጋ «የኔ ዓሣ! ይሄ የኔ ዓሣ ነው!» ብላ ጮኸች። በደስታ ነው የጮኸችው፤ ቅሬታ አልነበረባትም። እኔ ራሴ ያን ምሽት ስቄያለሁ። ሞኞች ነበርን፣ ሞኝነታችን ግን ላንቺ ስንል ነው።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ሰዎች መጡና በግቢያችን ዙሪያ ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች ተከሉ። ረግረጉ ፓርክ ሊሆን ነው። ፊልሙን ያየ ሁሉ ይጠበቅልን ብሎ ጮኋል፤ ይጠበቅ፣ ማን ጠላ? ደንቡም ክፉ አይደለም፤ ከፊልሙም ከፓርኩም በፊት የነበረ ነዋሪ በቦታው ይቆያል፣ በኋላ መጥቶ የሰፈረ ይነሣል ይላል። እፎይ ብለን ነበር። ከዚያ ማስረጃ ብለው ያወጡት ምን ይመስልሻል? ያንቺን አምስተኛ ክፍል። በፊልሙ ላይ ቤት የለም፣ ጀልባ የለም፣ ሰው የለም። ስለዚህ እኛ ፊልሙን አይተን፣ ከጎብኚ አንዳንድ ነገር ለመልቀም የመጣን ሰፋሪዎች ሆንን። አንዱማ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ብሎ ተረተብን፤ አባዬ በተወለደበት ውሃ ዳር!

ወረቀት አምጡ አሉን። ከየት ይምጣ? በዚያ ዘመን ቤት የሚሠራው በመዶሻ እንጂ በወረቀት አልነበረም፤ ያ ዳርቻ የማንም ስላልነበር ግብር ክፈሉ ብሎን የመጣም የለም። ጋሽ ነጎድጓድ ለእኛ እንዳይመሰክር፣ እኛም ለእሱ እንዳንመሰክር፣ ሁላችንም ተነሺ ስለሆንን ቃላችን አይቆጠርም ተባለ። ቃሉ የሚቆጠር አንድ ሰው ብቻ ነው። ቦታውን የቀረጸው፣ የቀረጸውንም የሚያውቅ።

የደወልኩልሽ ያኔ ነው። እንዲያው ልብ ሰጥቶሽ አነሣሽው። ያልሽኝን እየደጋገምኩ ስለማስበው በቃሌ ይዤዋለሁ።

«እታለም፣ እሱ እኮ የፊልም ቋንቋ ነው። ማንም ሰው እንደ ካርታ አያየውም።»

«እያዩት ነው» አልኩሽ።

«አሁን አፌን ብከፍት አንድ ክፍል ብቻ አይደለም የሚጠረጠረው። ተራራውም፣ በረሃውም፣ ሁሉም ውሸት ነው ይባላል። ለተከታታዩ ሁለተኛ ዙር የቀረው አንድ ፊርማ ነው። የስንት ሰው ሥራ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«የእማዬ ቤትስ?»

«ሌላ ይሰጧታል። አዲስ፣ ቧንቧ ያለው፣ ጭቃ የሌለበት። ለጉልበቷም ይሻላታል።»

ስለ ጉልበቷ ስታወሪ የሰማሁሽ የዚያን ቀን ብቻ ነው። የሚሰጣት ቤት ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አይቼዋለሁ። ከመስኮቱ የሚታየው የሌላ ሕንፃ መስኮት ነው። «ያ እማዬ ቀና ያለችበት ቁራጭ አለ?» ስልሽ «አለ፤ የቀረጽነውን አንጥልም» አልሽ። «እሱን ላኪልኝ።» «አልችልም።» «አትችዪም ወይስ አትፈልጊም?» ስልሽ ስልኩ ተዘጋ። መስመሩ ነው ልትዪኝ ነው። ይሁን፣ መስመሩ ነው።

አሁን አንቺ የማታውቂውን ልንገርሽ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ጉዳያችን የታየው በከተማው ጽሕፈት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጋረጃውን ዘግተው ፊልምሽን ግድግዳ ላይ አሳዩን። የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽር ያደረገ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን በተሻለኝ፣ ልሰድበው እችል ነበር። «ይህን ክፍል ከልጆቼ ጋር ደጋግመን አይተነዋል» አለ፤ ሲናገር ዓይኑ ያበራል። ፊልሙን ሽመላዋ ዓሣውን በአፏ ይዛ እንዳለች አስቆመውና ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ ቤታችን እዚያ ነበር ትያለሽ። የት ጋ ነው?»

«ከዚያ ጎጆ በታች። ዛፍ የተባለው የአባታችን ምሰሶ ነው፤ ሥሩ የኛ ጣራ ነው።»

«ይህን እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ፊልሙን የሠራችው ታናሽ እህቴ ናት። ጣራውን እንድሸፍን ያዘዘችኝም እሷ ናት።»

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። «እንግዲያው እህትሽ ይህን ሁሉ ሕዝብ ዋሽታለች እያልሽ ነው?»

«አዎ፣ ዋሽታለች።»

ከኋላ አንዱ «ቅናት ከቤት ይጀምራል» አለ። ሳቁብኝ። እኔ የጀልባ ሠሪ ልጅ፣ እጄ በሬንጅ የጠቆረ፣ አንቺ በየአደባባዩ የተለጠፍሽ፤ ማንን ያምናሉ? ሰብሳቢው ግን አልሳቀም። ወደ እማዬ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ እርስዎ እናት ነዎት፣ ለሁለቱም እኩል ነዎት። እርስዎ ይንገሩኝና በእርስዎ ቃል እንሄዳለን። ልጅዎ ዋሽታለች?» አላት።

የተነሺ ቃል አይቆጠርም ያለው ኮሚቴ፣ ለእናት ሲሆን በእርስዎ ቃል እንሄዳለን አለ። ልብ በይ፣ አንድ «አዎ» ብቻ ነበር የቀረን። እኔ ከጎኗ ሆኜ ክርኗን ነካሁት። ጋሽ ነጎድጓድ ሳሉን እንኳ ውጦ ጠበቀ።

እማዬ የፊቱን ወንበር ተደግፋ ተነሣች። ግድግዳው ላይ የቆመችውን ሽመላ፣ በአፏ የያዘችውን ዓሣ አየችው። ከዚያ «ልጄ አትዋሽም» አለች።

«እንደሱ ከሆነ ቤትዎ በዚያ ጊዜ አልነበረም ማለት ነው?»

«ልጄ አትዋሽም አልኩህ እኮ» ብላ ተቀመጠች። ጸሐፊው ጻፈው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ በቃ፣ ተያዘ።

አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጥን። ከዚያ ሰው ይስማ አይስማ ሳልል ጮኽኩባት። «ምን ነካሽ? ምን ነክቶሽ ነው ቤትሽን በገዛ አፍሽ የሰጠሽው?»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልጄን ውሸታም ልበላት?» አለችኝ።

«እኔንስ? እኔን ውሸታም አደረግሽኝ እኮ!»

እጄን ይዛ ጥቁሩን ጥፍሬን በአውራ ጣቷ ስታሸው ቆየች። «አንቺ ትችይዋለሽ። እሷ አትችለውም» አለች።

አለቀሰች እንዳልልሽ፤ አላለቀሰችም። ወደ ሰፈራችን ስንቃረብ ጭራሽ ፈገግ ብላ «ደግሞ እነሱ ምን ያድርጉ? ጥፋቱ የኔ ነው። ተደበቂ አለችኝ፣ ደህና አድርጌ ተደበቅሁ። ማን ያየኛል?» አለችኝ። ኮርታ ነበር የተናገረችው። እኔ ጥላቻ ምን እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ካንቺ ጋር ልጅ ሆነን ተደባድበናል፣ ተኮራርፈናል፤ ያ ሁሉ ጨዋታ ነበር። አሁን ግን ስምሽን ሲያነሡ አፌ ይመርረኛል፣ ይህንንም ሳልደብቅ እጽፍልሻለሁ።

ይግባኝ ብለናል። የፊታችን ሐሙስ ጠዋት፣ በዚያው አዳራሽ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ይሰማል። እማዬ ቃሏን አትለውጥም፤ ለምኛታለሁ፣ ጋሽ ነጎድጓድም ለምኗታል፣ «ልጄን አላዋርድም» ብላ ዕቃዋን በአሮጌ መረብ መጠቅለል ጀምራለች። እኔ ብናገር ቀናተኛ ነኝ። ስለዚህ አንቺን ማዋረድ የምትችይው ራስሽ ብቻ ነሽ።

ያን ቁራጭ ይዘሽ ነይ። ግድግዳው ላይ እንዲያሳዩት አድርጊ፤ ከዚያ ተነሥተሽ «ዋሽቻለሁ፣ ያቺ ሴትዮ እናቴ ናት» በይ። ሌላ ንግግር አያስፈልግም። ስለ ፊልም ቋንቋ አታስረጂን፣ አታልቅሺ፣ እማዬንም እዚያ አትቀፊያት። ስምሽ እንደሚጎድፍ አውቃለሁ። ፊርማው ሊቀር ይችላል፣ ሠራተኞችሽም ሊያዝኑብሽ ይችላሉ። እኛ ግን ጣራችንን ሸፍነን፣ ዶሯችንን አፍነን፣ ሳላችንን ውጠን ነው ያንን ስም የሠራንልሽ፤ ሲያስፈልገን መልሰን የመጠየቅ መብት ያለን ይመስለኛል።

ከመጣሽ እንታረቃለን ብለሽ ተስፋ አታድርጊ። አንታረቅም። ሥራሽን ጨርሰሽ በመጣሽበት መኪና ትመለሻለሽ። ለእኔ ብለሽ አይደለም የምትመጪው።

እዚህ ስደርስ እማዬ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ማንበብ እንደማትችል ታውቂያለሽ፤ ግን መስመሮቹን በዓይኗ ስትከተል ቆየችና «ለሷ ነው?» አለችኝ። «ለሷ ነው» አልኳት። «ረጅም ነው፤ ናፍቃሻለች ማለት ነው» አለች። «በርቺ በያት፣ ስለኛ አታስቢ በያት» ብላኝ ወጣች። ይኸው ብዬሻለሁ።

ሐሙስ ጠዋት እማዬ በሩን ስትመለከት እንደምትውል አውቃለሁ። ካልመጣሽ፣ ዓርብ ዕቃዋን ተሸክመን አራተኛው ፎቅ ላይ ስናወጣት «ደብዳቤው ደርሷት ይሆን?» ብላ ትጠይቀኛለች። እኔም «አልደረሳትም እማዬ፤ ፖስታ ቤቶቹ አጥፍተውት ይሆናል፣ ቢደርሳትማ ትመጣ ነበር» እላታለሁ። ታምነኛለች። ላንቺ ስል የምዋሸው የመጨረሻ ውሸት እሱ ይሆናል።

ታላቅሽ